የለቅሶ ቤት በር

ጋሹ የሚስቱን ክንድ የሰበረው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ የቆሸሸ ልብሱን ተሸክሞ ወደ ላውንደሪው በሚወርድበት ሰዓት። ሰዓቱን የምናገረው "ሰክሮ ነው"፣ "ጨልሞ ነው"፣ "ሰይጣን አሳስቶት ነው" ለሚሉ ሰዎች ነው። አልሰከረም። ሰይጣንም በዚያ የዳላስ ሙቀት ከቤቱ የሚወጣ አይመስለኝም። ክንዷን በሩ መቃን ላይ ይዞ በሩን ዘጋባት። ከፈተና ደግሞ ዘጋባት።

እኔ ሳሊሐ ከእነሱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ቀጥሎ የሰርካዲስ ጩኸት መጣ። ከዚያ ጎረቤቷ ዕፀገነት ፊሽካዋን ነፋች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ ፊሽካ ሆነ።

ስለ ፊሽካው ልንገራችሁ። ይህ የአፓርትመንት ግቢያችን ሐበሻም፣ ጥቁር አሜሪካኖችም፣ ጥቂት ሜክሲኮዎችም የምንኖርበት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ እዚሁ ፓርኪንግ ውስጥ ቦይፍሬንዷ ሲገድላት፣ ሰው ሁሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ተቀምጧል። እኔም ከፍ አድርጌያለሁ። በማግስቱ ሚስ ቨርኔል የምትባል ሴት በየበሩ እያንኳኳች መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከሞተር በላይ መናገር የለመደ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አንድ ካርቶን ፊሽካ ታቅፋለች፤ የስፖርት አስተማሪ የሚነፋው ዓይነት።

"ይህን ስትሰሚ ማንንም አትጠይቂ። ውጪና ቁሚ" አለችኝ።

"ምን ይዤ?"

"ራስሽን ይዘሽ። አሥር ሴት ከፊቱ ቆማ እያየ እጁን የማይሰበስብ ወንድ ጥቂት ነው።"

ሌላው ሁሉ የመጣው ከፊሽካው በኋላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ላውንደሪው ውስጥ ማድረቂያዎቹ እያጓሩ እንሰበሰባለን። የሌሊት ሽፍት ያላት ልጆቿን ማን ጋ እንደምታሳድር፣ አራሷን ማን እንደሚያርስ፣ መኪና የሌላትን ክሊኒክ ማን እንደሚያደርስ እዚያ ይወሰናል። ባሎቻችን "ከጥቁሮቹ ጋር ምን አገናኛችሁ?" ይሉን ነበር፤ ራሳቸውን በመስታወት አይተው የማያውቁ ይመስል። እኔም ብሆን መጀመሪያ ሰሞን በሚስ ቨርኔል በኩል ሳልፍ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ለጠፍ አደርግ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በኋላ እናቴ ደሴ ላይ ስትሞትብኝ፣ ንጋት ላይ ሐበሾቹ ተሰብስበው መጥተው ሲያረዱኝ፣ ከእነሱ ጋር ገብታ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተነሳች እሷ ናት። ቃሉን ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ሕጎቿ ሦስት ነበሩ። የተመታችን ሴት "ምን አድርገሽው ነው?" ብሎ መጠየቅ የለም። የተደበቀች ሴት ያለችበትን ከሦስት ሰው በላይ አያውቅም። የተደበቀችበት ቤት በር ምንጊዜም ይቆለፋል። ከሦስቱ ሁለቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይህን ከአሁኑ እወቁት።

ያን እሁድ ስወርድ ጋሹ ሰርካዲስን በፀጉሯ ይዞ በደረጃው ወደ መኪናው እየጎተታት ነው። የተሰበረው ክንዷ ከጎኗ ተንጠልጥሎ በየደረጃው ይመታል። የአፍንጫዋ ደም ሲሚንቶው ላይ መስመር ሠርቷል። ዕፀገነት ሻምፑው ከራሷ ሳይለቅ ወጥታለች። ሜክሲካዊቷ ጎረቤታችን ሕፃኗን ታቅፋለች። የሽንኩርቱ ቢላ እጄ ላይ መቅረቱን ያየሁት በኋላ ነው። አሥራ አራት ሆነን መኪናውን ከበብነው።

"ሚስቴ ናት!" አለ ጋሹ በአማርኛ።

ሚስ ቨርኔል አማርኛ አታውቅም። ይህችን ግን በየቋንቋው ስትሰማት የኖረች ትመስላለች። "ልቀቃት" አለችው።

መልስ ሳይሰጣት ሰርካዲስን ጎኗ ላይ ረገጣት። አንድ እርምጃ ቀረብን። ደግሞ ረገጣት። ደግሞ ቀረብን። ለሦስተኛ ጊዜ እግሩን ሲያነሳ ትንፋሻችን ፊቱ ላይ ደርሶ ነበርና እግሩን መለሰው። እጁ ላይ የቀረውን የፀጉር ጭብጥ መሬት ላይ ጥሎ ወደ እኔ ዞረ፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው ፈልጎ መሆን አለበት።

"ሳሊሐ፣ የትም ብትደብቂያት አገኛታለሁ። ያገኘኋት ቀን ክንድ አይደለም የምሰብረው። እገላታለሁ። ሰምተሻል? እገላታለሁ!"

"በቁምህ ሙት!" አልኩት። ያኔ ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

ፖሊስ ያዘው። በአራተኛው ቀን በዋስ ተለቀቀ። ለሰርካዲስ አጠገቧ እንዳይደርስ የሚል ወረቀት ሰጧት፤ ወረቀት ግን ዱላ አይመክትም።

ሚስ ቨርኔል ፎርት ዎርዝ ውስጥ ከእናቷ የወረሰችው አሮጌ ቤት አላት። ሰርካዲስን ከሆስፒታል አውጥታ እዚያ ወሰደቻት፤ ራሷም ጓዟን ይዛ አብራት ገባች። ቦታውን የምናውቀው እኔ፣ እሷና ዕፀገነት ነን። በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አስገጠመች። ሰርካዲስ ወደ አገር ቤት ስልክ እንዳትደውልም ተስማማን፤ እናቷ እማማ ትርንጎ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት ከጋሹ እህት ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልጃቸው ምን እንደምትበላ ቢያውቁ እንኳ ለጎረቤት ማውራታቸው አይቀርም።

በሄድኩ ቁጥር ሰርካዲስ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። "እናቴ ታስብ ይሆናል። ደወልሽላት?"

"ትንሽ ይቆይ" እላታለሁ።

"ሕልሜ ጥሩ አይደለም፣ ሳሊሐ።"

"ያንቺ ሕልም መች ጥሩ ሆኖ ያውቃል! በይ፣ ሾርባሽን ጠጪ።"

ሳስቃት የተሰፋው ከንፈሯ ይከፈትና ትደማለች። ስለዚህ ማሳቁንም ተውኩት።

ጋሹ ፍለጋውን ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት በጎማ መፍቻ ብረት ፓርኪንጋችን ውስጥ የስድስት መኪና መስታወት አደቀቀ፤ ያን ቀን የቆምነውን ሴቶች መኪና መርጦ። የእኔን ኮሮላ የፊቱንም የኋላውንም። በሁለተኛው ሳምንት ዕፀገነትን ነዳጅ ስትቀዳ አገኛት። መኪናዋ ላይ አስደግፎ፣ ሰው እያየ፣ አንገቷን አንቆ "የት ናት?" አላት። ዓይኗ ደም እስኪለብስ አነቃት። ልጅቷ ትንፋሿ ሊቆም ሲል የነዳጁን ቱቦ ጫማው ላይ ከፈተችበትና ለቀቃት፤ ክብሪት የምትጭርበት መስሎት ሮጠ። አንዲት ቃል አልነገረችውም። ድምፅዋ ግን እንደ ሻከረ ቀረ። ፖሊስ ፍለጋ ወጣ ተባልን፤ ጋሹ ቤቱንም የሚነዳውን ታክሲም ትቶ ተሰወረ።

አንቆ ያላገኘውን በለቅሶ አገኘው።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጋሼ ኃይለ መስቀል በሬን አንኳኩ። ካሮልተን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ። ከዚህ በፊት "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ፣ እናስታርቃቸው" ብለው መጥተው ከበሬ መልሻቸዋለሁ። ዛሬ ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሳሊሐ፣ ለእርቅ አይደለም የመጣሁት። የሰርካዲስ እናት አረፈች።"

"ማን ነገረዎት?" አልኳቸው።

"ጋሹ ኮል አድርጎልኝ ነው። እህቱ ደውላ ነግራው። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። 'እኔ በደለኛ ነኝ፣ ፊቴን ማየት አትፈልግም፣ አልመጣም። ግን እናቷን እንዳላጣች ሰው በስልክ እንዳትሰማ፤ ወግ ነው፣ ሰው ሰብስባችሁ አርዷት' አለኝ።"

"የት እንዳለች ጠየቀዎት?"

"አልጠየቀም። እኔም ልጄ፣ አልጠይቅሽም። ማለቴ፣ ባላውቅ ይሻለኛል።"

ያሳመነኝ ይህ ነው። የት ናት ቢሉኝ ኖሮ እጠረጥር ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ ልቤን ከፈትኩት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገሬ ሰው። ያው የአገሬ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ደውሎ "እውነት ሞተዋል?" ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። አገር ቤት የምደውልበት የስልክ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ገና ያልተፋቀ። አላወጣሁትም። ለዕፀገነት ነገርኳት፤ ደነገጠች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በሻካራ ድምፅዋ "ስንት ሰው እንሁን?" አለችኝ። እሷም አገር ቤት እንደውል አላለችም።

ለእናት መርዶ ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ስድብ ነው። ስምንት ሴቶች ሆንን። ስድስቱ ቦታውን አያውቁትም ነበር፤ የምታምነውን ሰው ብቻ ነው የምወስደው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የሚስ ቨርኔልን ሁለተኛ ሕግ ያፈረስኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ስልክ ደውዬም ነገርኳት።

"ነገ ንጋት ላይ እንመጣለን። እናቷ ሞተዋል።"

"አሁን ልንገራት?" አለችኝ።

"በፍጹም! እራቷን ትብላ፣ ትተኛ። ወጋችን ነው። ታውቂው የለ፣ እኔንም እንዲህ ነው ያረዱኝ።"

"ይህችን ልጅ ከፊቴ አስቀምጬ፣ እያወቅሁ፣ ዳቦ ላቀብላት?"

"አዎ።"

"እዚያ አገር የደወለ ሰው አለ?"

"የነገሩኝ ሽማግሌ የታመኑ ሰው ናቸው" አልኳት። የጠየቀችኝ ይህን አልነበረም፤ እሷ ግን አልደገመችውም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በአራት መኪና ተነሳን። ጥቁር ለብሰናል፤ ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ እኔ ጥቁር ሻርፔን ጠምጥሜያለሁ። አውራ ጎዳናው ባዶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ በመስታወት ወደኋላ ሳይ የአምስት መኪና መብራት አየሁ። አራት የሆንነው የእኔን ጨምሮ ነው፤ ከኋላዬ ሦስት ማየት ሲገባኝ አምስት። ትርፎቹ መንገደኞች ናቸው፣ ወይም ለቅሶውን ሰምቶ የተከተለን ሰው ነው አልኩ። ለቅሶ ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፎርት ዎርዝ ስንገባ ከትርፎቹ አንዱ ብቻ ቀርቷል፣ ነጭ ካምሪ፣ ራቅ ብሎ። እሱንም አየሁት። አይቼ አለፍኩት።

ሚስ ቨርኔል ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ከፈተችልን። የአውቶቡስ ሾፌር ነበረችና ከአሥር ሰዓት ጀምራ ነቅታለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፊሽካዋ እንደ ሁልጊዜው አንገቷ ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የካውያ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ቀሚሷን ስትተኩስበት የነበረው ካውያ ገና አልቀዘቀዘም።

ሰርካዲስ ድምፅ ሰምታ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ በፒጃማ፣ ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ። ስምንት ጥቁር የለበሰ ሴት አየች። ቃል አላስፈለገም። ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ልብስ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

"እናቴን!" አለች። "እናቴን! ነግሬሽ ነበር፣ ሳሊሐ! ሕልሜን ነግሬሽ ነበር!"

ራሷን ከግድግዳው አጋጨች። ያዝናት፤ አመለጠችን። ጄሶውን ደረቷ ላይ ትደልቅበታለች። ከወለሉ ላይ ወድቃ ምንጣፉን በጥርሷ ያዘች። ዕፀገነት በዚያ በሻከረ ጉሮሮዋ ሙሾ አወረደች፤ ሁላችንም ተቀበልናት። ያልወጣ ለቅሶ ሁላችንም ጋ ነበርና እሪታው ቤቱን ሞላው። እኔ ለእናቴ ደግሜ አለቀስኩ።

በዚህ መሃል ሚስ ቨርኔል ሄዳ በሩን ልትቆልፍ እጇን ስታነሳ አየኋት።

"ተዪው፣ ሚስ ቨርኔል። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም።"

"የእኔ ቤት በር ይዘጋል።"

"ሰው ይመጣል። ለቅሶ የመጣ ሰው በር ተቆልፎበት አንኳኩቶ አይገባም። ነውር ነው። ዛሬ ብቻ።"

አየችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ የምትንፈራፈረውን ልጅ አየች። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ለሐዘናችን ብላ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ወንድ ሲያለቅስ ሰማሁ። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ኩታ ከራሱ እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው አቀርቅሮ እየተንሰቀሰቀ ገባ። ዘመድ የሞተበት ሰው እንዲህ ሲገባ ሴቶች ይለቁለታል፤ ወጋችን ነው። ለቀቅንለት። በመካከላችን አልፎ ወደ ሰርካዲስ ሄደ። ዕፀገነት እንዲያውም ትከሻውን "አይዞህ" ብላ ነካችው። እኔ ያየሁት ጫማውን ነው። ነዳጅ የበላው፣ ፊቱ የተላጠ ቡኒ ጫማ።

አፌን ስከፍት ብረቱ ከእጅጌው ወጥቷል።

በዚያ ቤት የማታለቅስ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ በሩ አጠገብ የቆመችው። ሚስ ቨርኔል ፊሽካዋን ነፋች። ጉንጯ ሲነፋ አየሁት፣ ድምፁን ግን ማንም አልሰማም፤ እሪታችን ውጦታል። ነፋች፣ ደግማ ነፋች፣ ከዚያ ፊሽካውን ከአፏ ሳታወጣ ሮጠች። ብረቱ ወደ ሰርካዲስ አናት ሲወርድ የእሷ ራስ ከመሃል ገባ። ግንባሯ ጎን ላይ አረፈ። ሰርካዲስ ላይ ወደቀችባት፣ ሸፈነቻት። ጋሹ ሚስቱን ለማግኘት እሷን ደግሞ መታ፤ ማጅራቷ ላይ። ሦስተኛውን ትከሻዋ ላይ።

"ውጪልኝ! ከሥሯ ውጪልኝ!" ይላል፣ ለሰርካዲስ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለፖሊስ በሥርዓት ተናግሬያለሁ። እዚህ ግን እንደሆነው ልናገር። ዕፀገነት ብረት የያዘውን እጅ በሁለት እጇ ጠፍንጋ ነከሰችው፤ አጥንት እስክታገኝ ነከሰችው። ብረቱ ሲወድቅ በክርኑ አፏን መታት፣ ጥርሷ ወደቀ፣ አልለቀቀችውም። ሁለቱ እግሩ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ካውያውን አነሳሁ። ፊቱን ነበር የፈለግሁት፣ አገኘሁት። የቆዳ ሽታ ሸተተኝ። ደግሜ በጫፉ መታሁት፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆነ። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መታሁት። ሰርካዲስ ከሚስ ቨርኔል ሥር ወጥታ በጄሶዋ፣ በዚያው ራሱ በሰበረው ክንድ፣ ጄሶው እስኪፈረካከስ ድረስ ወቀጠችው። ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም። አንዷ "በቃ፣ ሳሊሐ፣ ይሞትብናል!" ብላ ክንዴን ባትይዘኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከእስር ቤት ነው። በነጠላዎቻችን እጅና እግሩን አሰርነው፤ ነጭ ነጠላ ሁሉ በደም ቀላ።

ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው የሚስ ቨርኔል ትንፋሽ የተሰማው። በየትንፋሿ መሃል አፏ ውስጥ ያለው ፊሽካ በቀስታ ይጮኻል። አወጣሁላት። ራሷን ታፋዬ ላይ አደረግሁ፤ ደሟ ሞቆኝ ወደ ጉልበቴ ወረደ።

"ሳሊ" አለችኝ፤ ሙሉ ስሜን መጥራት አልሆንላት ብሎ ኖሯል። "በሩ።"

"ተዘግቷል" አልኳት። አልተዘጋም ነበር። አንዷ ሮጣ ዘጋችው። ሦስቱንም ቁልፍ ስትቆልፈው ሚስ ቨርኔል የሰማች ይመስለኛል፤ ከሦስተኛው በኋላ ነው ዓይኗ የቆመው። አምቡላንሱ ሲደርስ መልሰን መክፈት ነበረብን።

ጋሹን በአልጋ ወሰዱት፣ ከአልጋው ጋር በካቴና አስረው። እሷን ከላይ እስከ ታች ሸፈኗት። አንድ ወጣት ፖሊስ ደብተር ይዞ ጓሮ በር ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ደግ ልጅ ነበር፤ ጥያቄውን ቀስ እያለ ነው የጠየቀኝ።

"ሁላችሁም ጥቁር ለብሳችኋል። ለምን?"

"የልጅቷ እናት ሞተውባት ልንነግራት መጥተን ነው።"

"መቼ ሞቱ?"

"በዚህ ሳምንት።"

"በምን?"

አላውቅም። እንዴት አላውቅም? ስምንት ሴት ጥቁር ለብሰን፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት በምን እንደሞቱ አንዳችን አልጠየቅንም። ሰርካዲስ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን ነው የነገራችሁ?" አለችኝ በአማርኛ። "ሳሊሐ፣ የእናቴን ሞት ማን ነገራችሁ?"

"ጋሼ ኃይለ መስቀል።"

"ለእሳቸውስ?"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ፊቴ ላይ አነበበችው።

ካርዱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ደም ቁጥሩ ላይ ተቀባ፣ በቀሚሴ ጠረግሁት። ያን ረጅም ቁጥር ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ገባልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሩቅ ጠራ። ቤት ውስጥ ሴቶቹ የሚስ ቨርኔልን ፎቶ ከግድግዳው አውርደው መሃል አስቀምጠው ሙሾ ጀምረዋል፤ በአማርኛ፣ ስሟን እየጠሩ።

"ሀሎ? ማን ልበል?" አለ ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ ትንሽ ቁጡ የሆነ ድምፅ።

"እማማ ትርንጎ?"

"አቤት! ማነሽ? ከየት ነው?"

"ሳሊሐ ነኝ፣ ከአሜሪካ። የሰርካዲስ ጎረቤት።"

"ውይ ልጄ! አንድ ወር ሙሉ ምን ሆና ነው? ደህና ናት?" ቆም አሉ። ሙሾው በስልኩ ገብቶ ደብረ ብርሃን ደርሷል። "ቆይ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ለቅሶ አይደለም እንዴ? ማን ሞቶባችሁ ነው? ልጄ ናት! ንገሪኝ፣ ልጄ ናት!"

ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ወግ ነው። በዚያ ወግ ነው እዚህ የደረስነው።

"ልጅዎት አለች፣ አጠገቤ ናት" አልኳቸው። "የሞተችው እህቷ ናት።"

"እህት የላትም'ኮ። እኔ አንድ እሷን ብቻ ነው የወለድኩት።"

"እዚህ ነበረቻት፣ እማማ።"

ስልኩን ለሰርካዲስ ዘረጋሁላት። ጄሶው የወደቀበት ክንዷ አልታዘዝ ስላላት እኔው ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። "እናቴ" አለች፤ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ እማማ ትርንጎ ከዚያ ማዶ ሆነው፣ ስሟን እንኳ ለማያውቋት ሴት አለቀሱልን።